የሚደማ ድድ ይዘን አንተኛ

ዛሬ ማታ ራት ከተበላ በኋላ መስታወት ፊት ቁሙ። መብራት ከጠፋ የስልካችሁን ባትሪ አብሩ። ከንፈራችሁን ገልጣችሁ ድዳችሁን ተመልከቱ። ከዚያም ጥርሳችሁን ፋቁና ምራቃችሁን ነጭ ነገር ላይ ትፉ። ቀይ ካያችሁበት ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ካላያችሁበትም ለእናንተ ነው፤ የባለቤታችሁን፣ የልጃችሁን፣ የእናታችሁን ምራቅ ገና አላያችሁምና።

ጤነኛ ድድ አይደማም።

በአርባ ምንጭ ከሲቀላ እስከ ሴቻ፣ ከጨንቻ ደጋ እስከ ምዕራብ አባያ ቆላ፣ በዲታ፣ በቦንኬ፣ በካምባ፣ በቁጫ ይህን የማያውቅ ሰው እስከሚጠፋ እንደጋግመው። ጤነኛ ድድ አይደማም። "ብሩሹ ሻካራ ሆኖ ነው" አንበል። "እናቴም እንዲሁ ነበረች" አንበል። እናታችንም ታማ ነበር፤ የነገራት ሰው ግን አልነበረም። ለእኛ የሚነግረን ሰው ይኑር። እኛም ለሌላው እንንገር።

የአርባ ምንጭ ሰው ወባን ለመጠርጠር ማንንም አይጠብቅም። ልጁ ሲያተኩሰው፣ ሲያንቀጠቅጠው፣ ራሱን ሲያመው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ተሸክሞት ወደ ጤና ጣቢያ ይሮጣል። ይህን ያወቅነው እርስ በርስ ስለተነጋገርን፣ ጎረቤት ለጎረቤት ስለነገረ ነው። የድድ በሽታ ግን አያተኩስም፣ አያንቀጠቅጥም፣ አብዛኛውን ጊዜም አያምም። ለዓመታት ዝም ብሎ ይሠራል። መጀመሪያ የሚሰጠን ምልክት ደም ነው። ያንን ደም አጥበን አፍስሰን ስንተኛ በሽታው ሌላ ሌሊት አገኘ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥርሳችንን ካጸዳን ከሰዓታት በኋላ በላዩ ላይ ለስላሳ፣ ምላስ ሲነካው የሚያዳልጥ ንጣፍ መሠራት ይጀምራል። ንጣፉ ሕይወት አለው፤ በዓይን የማይታዩ ተህዋሲያን የተከማቹበት ነው። በብሩሽ ወይም በመፋቂያ በየቀኑ ካልተነሳ በምራቅ ውስጥ ያለው ማዕድን እየገባበት በቀናት ውስጥ መጠንከር ይጀምራል። አንዴ ከጠነከረ ብሩሽም መፋቂያም አያነሳውም። ድዱ ይቆጣል፣ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይደማል።

እዚህ ደረጃ ላይ ያለ ድድ ሙሉ በሙሉ ይድናል። እርግጡ ነገር ይህ ነው፤ ተስፋችንም ያለው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ ሃራልድ ሎ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ድዳቸው ጤነኛ የነበረ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ አንድም ሳይቀር የሁሉም ድድ ተቆጣ። ከዚያ ማጽዳት እንዲጀምሩ ተነገራቸው። በአንድ ሳምንት ገደማ የሁሉም ድድ ወደ ጤናው ተመለሰ። ለማሳመም ሦስት ሳምንት፣ ለማዳን አንድ ሳምንት! መርፌ የለ፣ ክኒን የለ፤ ማጽዳት ብቻ። ኦርሁስ ላይ የሆነው አርባ ምንጭ ላይ የማይሆንበት ምንም ምክንያት የለም።

ችላ ከተባለ ግን በአንዳንዱ ሰው በሽታው ከድድ ወደ አጥንት ይወርዳል። ድዱ ከጥርሱ እየለቀቀ ኪስ ይሠራል፤ ኪሱ ውስጥ ቆሻሻና መግል ይከማቻል፤ ጥርሱን የያዘው የመንጋጋ አጥንት እየተበላ ይሄዳል። የዶርዜን የቀርከሃ ቤት ታውቃላችሁ። ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፣ ቤቱ ከዓመት ዓመት ዝቅ ይላል፣ በመንገድ ለሚያልፍ ሰው ግን ያው ቤት ነው። ጥርስም የሚበላው እንዲሁ ከሥር ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የዶርዜን ቤት ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያቆመዋል። የተበላ የመንጋጋ አጥንት ግን በራሱ ተመልሶ አይተካም። ሐኪም ባለበት ሊያስቆመው ይችላል፤ የሄደው ግን ሄዷል። ስለዚህ ነው አሁን የምንለው። ስለዚህ ነው ለነገ የማናሳድረው።

ምልክቱን እንወቅ። ድዱ ሸሽቶ ጥርሱ የረዘመ ሲመስል እወቁ። ትናንት ምንም የማይገባበት የጥርስ መሐል ዛሬ ማንጎ በተበላ ቁጥር ስቴኪኒ ሲያስፈልገው እወቁ። አፍ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ተጉመጥምጦ እንደገና ሲሸት እወቁ። ድዱን በጣት ጫን ሲሉት መግል ሲወጣ፣ ጥርስ በምላስ ሲገፋ ሲነቃነቅ፣ ኮቾ ሲነከስ ላይኛውና ታችኛው ጥርስ እንደ ድሮው አልገጥም ሲል፣ ያኔ ነገሩ ከድድ አልፏል። ያኔ መስታወት አይበቃም፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

አንዳንዱ ሰው አይደማም፤ አለመድማቱ ግን አያታልለው። ሲጋራ ወይም ጋያ የሚያጨስ ሰው ትምባሆው የድዱን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ ድዱ ከውስጥ እየተበላ ከላይ ላይደማ ይችላል። አጫሽ ወንድሜ፣ ድድህ ስላልደማ ደህና ነኝ አትበል፤ ከሌላው ሰው ይልቅ አንተ ቀድመህ ታይ። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶቻችንና አያቶቻችንም አሉ። ንቅሳቱ ውበታቸው ነው፤ ግን የድዱን መቅላት ይሸፍናል። የእነሱን ድድ በቀለሙ ሳይሆን በእብጠቱና በደሙ እንመርምር። በተረፈ የስምጥ ሸለቆ ልጆች ነንና፣ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሊሆን ይችላል። ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ቡናማ ጥርስ ጤነኛ ድድ ሊኖረው ይችላል፤ ወተት የመሰለ ጥርስም ከታመመ ድድ ላይ ሊቆም ይችላል። ጥርሱን ትታችሁ ድዱን ተመልከቱ።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት ልምጣ። ድድ ሲደማ ሰው መፋቅ ያቆማል። "ልረፍለት" ይላል። ተህዋሲያኑ የሚፈልጉት ደግሞ ይህንኑ ነው! የሚደማው ቦታ ብሩሽ ያልደረሰበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሲደማ አታቁሙ። ለስለስ ባለ ብሩሽ፣ በቀስታ፣ ግን ደጋግማችሁ፣ ድዱና ጥርሱ የሚገናኙበት መስመር ላይ አጽዱ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ። በተለይ የማታው አይቅር፤ ስንተኛ ምራቃችን ይቀንሳል፣ አፋችንም ራሱን ማጠብ ያቆማል። የታችኛውን የፊት ጥርስ ጀርባ አትርሱ፤ ቆሻሻ ፈጥኖ የሚደርቀው እዚያ ነው። በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ደሙ ካልቆመ ወደ ጥርስ ሐኪም ሂዱ።

ብሩሽ የለኝም የሚል ወገን መፋቂያ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት መፋቂያ በተለመደበት አገር ሁሉ ሰው እንዲጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ1987 መክሯል። የወይራ ወይም የክትክታ ቅርንጫፍ ቁረጡ፣ ጫፉን አላምጣችሁ ጭራ አስመስሉት፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ሳቡት። ችግሩ ብዙዎቻችን በመፋቂያ የምንፋቀው ሰው የሚያየውን የፊት ጥርስ ብቻ መሆኑ ነው። መንጋጋውንም፣ ከውስጥ በምላስ በኩል ያለውንም ፋቁ። ያገለገለውን ጫፍ ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ነገ በአዲስ ጫፍ ጀምሩ። ብሩሽ ያለው ደግሞ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ይጨምር፤ ፍሎራይዱ ጥርሱን ከመቦርቦር ይጠብቅለታል።

አረቄ በአፋችሁ ይዛችሁ አትቆዩ። ቤንዚን የነካ ጥጥ ድዳችሁ ላይ አታስቀምጡ። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን በራሳችሁ ገዝታችሁ አትዋጡ፤ የደረቀው ቆሻሻ እዚያው እስካለ ድረስ መድኃኒቱ ሲያልቅ በሽታው ይመለሳል። ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጦ መጉመጥመጥ ደግ ነው፤ ያስታግሳል። ግን አያድንም።

ጥርስ ማሳጠብን አትፍሩ። "ካሳጠብኩ በኋላ ጥርሴ ተነቃነቀ" የሚል ወሬ በየሰፈሩ ይወራል። ጥርሱን ያነቃነቀው እጥበቱ አይደለም፤ ድሮውንም አጥንቱ ተበልቶ ነበር፣ እንዳይታወቅ ያደረገው በዙሪያው የደረቀው ቆሻሻ ነው። "ነቅዬ ልገላገል" ማለትም መፍትሔ አይሆንም። አንዱ ሲነቀል ሌሎቹ እዚያው አፍ ውስጥ፣ እዚያው በሽታ ውስጥ ይቀራሉ። ሐኪሙን "ንቀልልኝ" ብላችሁ አትጀምሩ። "ማዳን ይቻላል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት። ይህ መብታችሁ ነው።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከባድ የድድ በሽታ ያለባቸው ሰዎች በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን ይበልጣሉ። ስለዚህ የሚደማ ድድ ያለው ሰው ብቻውን አይደለም፤ ሊያፍርም አይገባውም። አፉ የሚሸተውን ሰው አንሽሽ፣ አናሽሟጥጥ። ወንድምነታችንን በዚህ እናሳይ፤ ለብቻው ጠርተን "ድድህን ታይ፣ አብሬህ እሄዳለሁ" እንበለው።

ስኳር ሕመም ያለባችሁ ቅደሙ። ስኳር ከፍ ሲል ድድ ይጎዳል፤ ድድ ሲታመም ደግሞ ስኳሩ አልወርድ ይላል። አንዱ ሌላውን ይመግበዋል። ለክትትል ስትሄዱ አፋችሁን ከፍታችሁ "ይህንንም እዩልኝ" በሉ።

ነፍሰ ጡር እህቶቻችን ቅደሙ። በእርግዝና ወቅት ድድ በቀላሉ ይቆጣል። "እርግዝና ነው፣ ያልፋል" ብላችሁ አትተዉት። ያበጠ፣ የሚደማ ድድ ይዞ ዘጠኝ ወር መጠበቅ ተገቢ አይደለም፤ ነፍሰ ጡር ጥርሷን ብታሳጥብ ፅንሱን አይጎዳም። ባሎች፣ ይህ የእናንተም ጉዳይ ነው። ሸኟት፣ አስመርምሯት።

ከሁሉ በፊት ግን ስለ ሕፃናቱ ስሙኝ።

ኖማ የሚባል በሽታ አለ። በብዛት የሚይዘው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ምግብ ያጠረውን፣ በቅርቡ ኩፍኝ ወይም ወባ ያደቀቀውን፣ አፉ ያልጸዳውን ልጅ ይመርጣል። የሚጀምረው ከድድ ነው። ድዱ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ይደማል፣ ክፉ ሽታ ያመጣል። ከዚያ ብዙ ቀን አይሰጥም። ጉንጭ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ይበሳል። ካልታከመ ከያዛቸው ልጆች እስከ 90 በመቶ የሚሆኑትን ይገድላል። የተረፉት ፊታቸው ተበልቶ፣ አፋቸውን መክፈት አቅቷቸው፣ ከሰው ተደብቀው ይኖራሉ። ፌሲንግ አፍሪካ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ለዓመታት የቀዶ ሕክምና ቡድን ወደ አዲስ አበባ ሲልክ የኖረው የእነዚህን ወገኖቻችንን ፊት ለመጠገን ነው። በሽታው ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ልጆችን ፊት በልቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ ያስገባው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። ዘግይቷል። እኛ ግን አንዘግይ! ምክንያቱም ይህ ሁሉ ጥፋት ገና ድድ ላይ ሳለ በርካሽ መድኃኒት፣ አፍን በማጽዳትና በተመጣጠነ ምግብ ይቆማል። የልጁን ዕጣ የሚወስነው የቀናት ጉዳይ ነው። የድዱን ቁስል ቀድማ የምታየው ደግሞ እናት ናት፣ ታላቅ እህት ናት፣ አያት ናት። ኩፍኝ ይዞት የተነሳ ልጅ አለ? አፉን ክፈቱ። ምግብ እምቢ ያለ፣ ምራቁ የሚዝረከረክ፣ አፉ የሚሸት ሕፃን አለ? አፉን ክፈቱ። ድዱ ቆስሎ ካያችሁ ለነገ አታሳድሩት፤ ያንኑ ዕለት ወደ ጤና ኬላ፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ሆስፒታል! የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን፣ የልጁን ክንድ ስትለኩ አፉንም ተመልከቱ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። እኛ ግን አብረን መሥራት የምናውቅ ሕዝብ ነን። የጋሞ አባቶች በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ጎዳና ላይ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጣውን ወጣት ከበቀል መልሰዋል። አገር ሁሉ አይቷል። የአባቶቻችን ቃል እሳት ካቆመ፣ አንድ አባት በሸንጎው በዱቡሻ ላይ ተነስቶ "ልጆቻችሁ ማታ ማታ ሳይፋቁ አይተኙ" ቢል ማን እምቢ ይላል? ሃላቃዎች፣ አባቶች፣ ይህን ጉዳይ ወደ ዱቡሻ አምጡልን። መንገድና ድንበር በሚመከርበት ቦታ የሕፃናት አፍም ይመከርበት።

እድሮች፣ እናንተን እለምናለሁ። ሰው ሲሞት ድንኳን ትጥላላችሁ፣ ንፍሮ ትቀቅላላችሁ፣ አልቃሹን ታስተናግዳላችሁ። ሰው ሳይሞት ደግሞ ይህን አድርጉ፦ ብሩሽና የጥርስ ሳሙና በጅምላ ገዝታችሁ ለአባላት በመነሻ ዋጋ አከፋፍሉ። ለጥርስ እጥበት መክፈል ለማይችል አባል ከሣጥኑ አበድሩ። አንድ የጥርስ ባለሙያ ጋብዛችሁ ከወርኃዊው ስብሰባ ላይ ሩብ ሰዓት ስጡት።

መምህራን፣ ሚኒ ሚዲያው በእጃችሁ ነው። ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ሦስት ቃል ተናገሩ፦ ጤነኛ ድድ አይደማም። ልጁ ቤቱ ይዞት ይገባል። የጤና ክበብ ያላችሁ ልጆቹን መፋቂያ አስይዛችሁ ግቢው ውስጥ አብራችሁ ፋቁ።

ቄሶች፣ ፓስተሮች፣ ሼኾች፣ ምእመኑ የሚሰማው እናንተን ነው። የባጃጅ ሾፌሮች፣ ከሲቀላ ሴቻ ስትመላለሱ ቀኑን ሙሉ ሰው ታጫውታላችሁ፤ ይህንንም አጫውቱ። ሽሮ ሜዳ ያላችሁ የዶርዜ ሸማኔዎች፣ ለመስቀል በዓል፣ ለዮ ማስቃላ፣ ወደ አገር ስትገቡ ከስጦታው ጋር ብሩሽ ያዙ። ለአባታችሁ አንድ፣ ለእናታችሁ አንድ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ። በበዓሉ ሥጋ ሲቆረጥ በጥርሱ ምክንያት ዳር የሚቀመጥ ሽማግሌ ስንቱ ነው? መብላት ሳይችል የሰውን ደስታ የሚያይ ስንት አባት አለን? የወጣቶቹ ዕጣ ይህ እንዳይሆን አሁን እንነሳ።

የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና ጤና ሳይንስ ተማሪዎች፣ ተራራው ላይ ውጡ። ጨንቻና ዲታ ከግቢያችሁ ሩቅ አይደሉም። በገበያ ቀን ጠረጴዛ ዘርጉ፣ መስታወትና የእጅ ባትሪ ያዙ፣ ሰው የራሱን ድድ በራሱ ዓይን እንዲያይ አድርጉ። የአርባ ምንጭ ኤፍ ኤም ጋዜጠኞች፣ በጋሞኛም በአማርኛም ተናገሩልን።

የጋሞ ዞን ጤና መምሪያ፣ ከእናንተ ደግሞ የምንጠይቀው አለ። የአፍ ጤና እንደ ቅንጦት አይታይ። በእርግዝና ክትትል፣ በስኳር ክትትል፣ በተመጣጠነ ምግብ ልየታ ላይ የድድ ምርመራ ይግባ። የገጠሩ ሰው ለጥርስ እጥበት ብሎ ሌሊት ተነስቶ መኪና ሲጠብቅ እንዳይውል ባለሙያው በፕሮግራም ወደ ወረዳዎች ይውረድ። ሕዝቡ የራሱን ድርሻ ይወጣል፤ እናንተም ተወጡ። እኛም ዝም አንልም፤ በየስብሰባው እንጠይቃለን።

ወገኖቼ፣ ለዚህ ሥራ በጀት እስኪለቀቅ የሚጠብቅ ሰው አይኑር። ወይራው በጓሮ አለ። ጨው በየቤቱ አለ። ሁለት ደቂቃ የሌለው ሰው የለም።

በዚህ ሳምንት አንድ ሰው ያዙ። አንድ ብቻ። ድዱ ሲደማ እያያችሁ ዝም ያላችሁትን ሰው ታውቁታላችሁ። እጁን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ አድርሱት። በሚቀጥለው የእድር ቀን ደግሞ እጃችሁን አውጡና "የድድ ጉዳይ አጀንዳ ይያዝልኝ" በሉ። ጸሐፊው ሲጽፈው ሳታዩ አትቀመጡ።